ጌሪ ጋይጋክስ፦ ሥጋትን ሲተምን የኖረው ሰው

ፐብጂ የተጫወተ ሰው ሌቭል 3 ቬስት መሬት ላይ ወድቆ ሲያገኝ ልቡ እንዴት እንደምትዘል ያውቃል። ሌሎች ጌሞች ላይ ደግሞ ኤችፒ አለ፣ ሌቭል አለ፣ ኤክስፒ አለ፣ ሌላ ነገር ካልከፈታችሁ የማይከፈት የተቆለፈ ችሎታ አለ። እነዚህ ሁሉ ስማርትፎን ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የተጀመሩ ናቸው። ነገሩን ለዓለም ካደረሱት ሰዎች ዋነኛው ጌሪ ጋይጋክስ ይባላል። የኮምፒውተር ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር።

የተወለደው በፈረንጆቹ ጁላይ 27 ቀን 1938 ቺካጎ ውስጥ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። አባቱ ከስዊዘርላንድ የተሰደደ፣ በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ነበር። ጌሪ 8 ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ዊስኮንሲን ውስጥ ወዳለች ሌክ ጄኔቫ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ። ልጁ መጽሐፍ ይወዳል፣ ቼዝ ይወዳል፣ ክፍል መቀመጥ ግን አልሆነለትም፤ ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ አቋረጠ። በኋላ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ቺካጎ በሚገኝ የኢንሹራንስ ድርጅት አንደርራይተር ሆኖ ተቀጠረ።

አንደርራይተር ማለት ኢንሹራንስ ልግባ ብሎ የመጣውን ሰው ሥጋት መዝኖ፣ እንቀበለው ወይስ እንመልሰው፣ ከተቀበልነውስ አረቦኑ ስንት ይሁን የሚለውን የሚወስን ሰው ነው። እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ የዚህን ሰው ታሪክ ሳነብ ከሁሉም በላይ የያዘኝ ይሄ ሥራው ነው። ቀን ቀን የአደጋን ዕድል በቁጥር እየለወጠ ዋጋ ይለጥፍበታል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ከጓደኞቹ ጋር የጦርነት ጌም ይጫወታል። በ1968 ደግሞ የከተማዋን አዳራሽ በ50 ዶላር ተከራይቶ የጌም ወዳጆችን ሰበሰበ። ጄን ኮን የሚባለው ያ ስብሰባ ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል።

በ1970 ከሥራው ተባረረ። የአምስት ልጆች አባት ነው። ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ጫማ መጠገን ጀመረ፣ በተረፈው ሰዓት የጌም ሕግ ይጽፋል። በ1971 ከጄፍ ፔረን ጋር ቼይንሜል የተባለ የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ጌም አሳተመ። መጨረሻው ላይ ስለ ድራጎንና ስለ ጠንቋይ ትንሽ ክፍል ጨመረበት፤ ሁሉን ነገር የቀየረችው ያቺ ጭማሪ ናት።

ሚኒሶታ ውስጥ ዴቭ አርነሰን የሚባል ወጣት የቼይንሜልን ሕግ ወስዶ አዲስ ነገር ሞከረበት። ተጫዋቹ ሠራዊት ማዘዙን ትቶ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ያ ሰው ደግሞ ከጌም ወደ ጌም እየተሻሻለ ይሂድ። ችግሩ፣ ቼይንሜል ላይ በአንድ ምት መሞት አለ። ሳምንታት ሙሉ የለፋህበት ጀግና በአንድ መጥፎ ዳይስ ሲቀበር ማን ይወዳል? አርነሰን መፍትሔውን ያመጣው፣ እሱ ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ ስለ ብረት ለበስ መርከቦች ከሠራው የባሕር ጦርነት ጌም ነው። መርከብ ሁለት መከላከያ አላት፦ ጥይት የሚመልሰው ብረቷና ጥይቱ ካለፈም ሳትሰምጥ የምትችለው የጉዳት መጠን። የመጀመሪያው አርመር ክላስ ሆነ፣ ሁለተኛው ሂት ፖይንት፣ ማለትም የዛሬው ኤችፒ። ጋይጋክስ ጌሙን በ1972 መጨረሻ ላይ ሌክ ጄኔቫ ውስጥ ተጫውቶ አየው፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረውም።

ለማተም ግን ገንዘብ የለም። የልጅነት ጓደኛው ዶን ኬይ የሕይወት ኢንሹራንሱን አስይዞ 1,000 ዶላር ተበደረና በ1973 ቲኤስአርን መሠረቱ። ብዙም ሳይቆይ ብራያን ብሉም የሚባል ሰው በ2,000 ዶላር ሦስተኛ ሸሪክ ሆነ። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 መጀመሪያ ላይ 1,000 ቅጂ ታትሞ ወጣ፤ ሣጥኖቹ የተዘጋጁት በእጅ ነው።

አሁን ወደ ጌሙ ልግባ፤ አንደርራይተሩ የሚታየው እዚህ ነው። በመጀመሪያው እትም ምንም ያልለበሰ ሰው አርመር ክላሱ 9 ነው፣ ሙሉ የብረት ጥሩር ለብሶ ጋሻ የያዘ ደግሞ 2 ነው። አዎ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል፤ ግራ ያጋባል፣ ብዙዎችንም ለዓመታት ግራ ሲያጋባ ኖሯል። ጀማሪ ተዋጊ ያልለበሰውን ለመምታት ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ 10 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት፦ 55 በመቶ ዕድል። ባለ ጥሩሩን ለመምታት ግን 17 ያስፈልገዋል፦ 20 በመቶ። ይኸው የአረቦን ሠንጠረዥ ማለት ነው።

ጥሩር የማይመልሰው አደጋ ደግሞ ለብቻው ተተመነ። መርዝ፣ ወደ ድንጋይ መለወጥ፣ የድራጎን እሳት፣ አስማት፤ ለእነዚህ ሴቪንግ ስሮው የሚባል የመጨረሻ ዕድል አለ፤ ዳይሱን ጥለህ ቁጥሩ ከመጣልህ ትተርፋለህ። ጠንቋዩ ጥሩር መልበስ አይፈቀድለትም፤ በመጀመሪያ ሌቭል አንድ ጎብሊን ሊገድለው ይችላል፣ ከቆየ ግን ሁሉንም ያስንቃል። ማለትም የኃይሉን ዋጋ በመከላከያው ነው የሚከፍለው። አንዳንድ ነገር ደግሞ በልፋት ብቻ አይገኝም። በ1975 በወጣው ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ፓላዲን የሚባል ቅዱስ ተዋጊ መሆን የፈለገ ሰው ካሪዝማው ቢያንስ 17 መሆን ነበረበት። ሦስት ዳይስ ስትጥሉ 17 ወይም 18 የሚመጣው ከ216 አራቴ ነው፤ ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። ጭካኔ ይመስላል። ግን በር ላይ መስፈርት ባይኖር ሁሉም ፓላዲን ይሆን ነበር፣ ሁሉም ፓላዲን ከሆነ ደግሞ ፓላዲን መሆን ምን ትርጉም አለው?

ወደ ሰውየው ልመለስ። በጃንዋሪ 1975፣ ጌሙ ገና አንድ ዓመት እንደሞላው፣ ዶን ኬይ በ36 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ። ድርሻው ለሚስቱ ተላለፈ። ጋይጋክስ ድርሻውን ለመግዛት አቅም አልነበረውም፤ የብሉም ቤተሰብ ግን ነበረው። ኩባንያው እንደ አዲስ ሲዋቀር የጋይጋክስ ድርሻ ከግማሽ በታች ወረደ። ለእያንዳንዱ ጭራቅ መከላከያ ቁጥር የጻፈ ሰው በራሱ ኩባንያ ውስጥ ያለ ጥሩር ቀረ። ያኔ ግን ገንዘቡ እየገባ ነበርና ነገሩ ብዙም የታየ አይመስልም።

በ1977 አድቫንስድ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መውጣት ጀመረ፤ ሽፋኑ ላይ የአርነሰን ስም የለም። አርነሰን በ1979 ከሰሰ፣ በ1981 ተስማሙ። እኔ በዚህ ጉዳይ ከአርነሰን ጋር ነኝ። ጋይጋክስ ተበታትኖ የነበረውን ሐሳብ ሰው ሊጫወተው ወደሚችል መጽሐፍ የለወጠ ታታሪ ነው፤ የመነሻው ፍሬ ግን የሁለት ሰው ነበር።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጋይጋክስ ሆሊውድ ገብቶ የጌሙን ካርቱን ፊልም ሲያሠራ፣ ሌክ ጄኔቫ ውስጥ ኩባንያው ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ። በ1985 ተመልሶ፣ የአክሲዮን መግዣ መብቱን ተጠቅሞ ድርሻውን ከግማሽ በላይ አደረሰና ፕሬዚዳንት ሆነ። ጥቂት ወራት ብቻ ቆየ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የብሉም ወንድማማቾች አክሲዮናቸውን ኩባንያውን እንድታስተካክል እሱ ራሱ ላመጣት ለሎሬን ዊሊያምስ ሸጡ። ፍርድ ቤት ሄደ፣ ተረታ፤ በ1986 መጨረሻ ከኩባንያው ወጣ። ጌሙም፣ የጻፋቸው መጻሕፍትም እዚያው ቀሩ።

ቲኤስአር በ1997 ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ተሸጠ፣ በ2000 ሦስተኛው እትም ወጣ። ደራሲዎቹ ሌሎች ናቸው። አርመር ክላስ ተገልብጦ ቁጥሩ ሲበልጥ የሚሻል ሆነ (ተመስገን)። ሴቪንግ ስሮው ሦስት ብቻ ቀረ፦ የአካል ጽናት፣ ቅልጥፍናና የመንፈስ ጥንካሬ። ከዚያ ፊት የሚባሉ ልዩ ችሎታዎች መጡ፤ ከአማርኛው ፊት ጋር አይገናኝም፣ ስለዚህ ልዩ ችሎታ እያልኩ ልቀጥል። ብዙዎቹ ቅድመ መስፈርት አላቸው። መትቶ ሳይቆም የሚሸሽበትን ስፕሪንግ አታክ የፈለገ ሰው ቅልጥፍናው 13 መድረስ አለበት፣ መጀመሪያ ዶጅን፣ ከዚያ ሞቢሊቲን መውሰድ አለበት፣ የማጥቃት ብቃቱም 4 መሆን አለበት።

ተጫዋቹን ራስ የሚያሳምመው እዚህ ነው። ሙሉ ጥሩር መከላከያችሁን በ8 ያሳድጋል፤ ግን ከቅልጥፍናችሁ የሚቆጠርላችሁ 1 ብቻ ነው፣ እርምጃችሁም ይቀንሳል። ቅልጥፍናችሁን 18 ካደረሳችሁ 4 ታገኛላችሁ፤ ጥሩሩን ስትለብሱ ሦስቱ በከንቱ ይቀራሉ። ቀላል ቆዳ ብትለብሱ ቅልጥፍናው በሙሉ ይሠራል፣ ቆዳው ራሱ ግን የሚሰጠው 2 ነው። ታዲያ ብረቱን ወይስ ችሎታውን? በዚያ ላይ ተዋጊው መንፈሱ ደካማ ነው። ከራስ እስከ እግሩ ብረት ለብሶ፣ አንድ ጠንቋይ በአንዲት ቃል አእምሮውን ይዞበት ሰይፉን ጓደኞቹ ላይ ያዞራል። መንፈስን የሚያጠነክር አይረን ዊል የተባለ ችሎታ አለ፤ ምንም መስፈርት የለውም፣ ግን ሌላ ችሎታ የምትወስዱበትን ቦታ ይበላል። አንዱን ስትይዙ የምትተዉት ነገር ዋጋ ማለት ይሄ ነው፤ እኔ ክፍል ውስጥ በግራፍ ከተማርኩት ይልቅ የገባኝ በዚህ ነው።

ጋይጋክስ ይህን እትም ብዙም አልወደደውም። ሕጉ በዛ፣ ተጫዋቹም ስለ ሚናው ከማሰብ ይልቅ ኃይል መደርደር ላይ አተኮረ ባይ ነበር። እሱ በ1999 ያወጣው ሌጀንደሪ አድቬንቸር ቀለል ያለ ሕግ ነበረው። ነገሩ ትንሽ ያስቃል፤ በር ላይ መስፈርት የመለጠፍን ልማድ ያስጀመረው እሱ ራሱ ነበር። ቂም ይዞ ግን አልኖረም፤ በ2000 ፉቱራማ ላይ ራሱን ሆኖ በድምፁ ተጫውቷል፣ ዳይስም ጥሏል።

በ2004 ስትሮክ መታው። ሥራ ቢቀንስም ሌክ ጄኔቫ ያለው ቤቱ ለተጫዋች ክፍት ነበር፤ ከሩቅ የመጣ አድናቂ በረንዳው ላይ ከእሱ ጋር ይጫወት ነበር። በ2008 ጃንዋሪ እንኳ፣ ጤናው እየከዳው፣ ሳምንታዊውን ጌም ቤቱ ውስጥ ያጫውት ነበር። ማርች 4 ቀን በ69 ዓመቱ እዚያው ሌክ ጄኔቫ ሞተ።