ብቻቸውን የተቃወሙት የጉባኤ ተወካይ፤ የፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ሕይወት

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ከተማ፣ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም ይጠራል። በካምፓሱ የሚማሩ ወጣቶች ስሙን በየዕለቱ ይጠሩታል። ባለስሙ ኢትዮጵያ ካፈራቻቸው ቀደምት የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አንዱ የነበሩ ሲሆን፣ በአንድ ጉባኤ ላይ ከብዙኃኑ ተለይተው በሰጡት ድምፅም የሚታወሱ ናቸው።

ፕሮፌሰር አስራት በ1920 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተወለዱ። የልጅነት ዘመናቸውን ያሳለፉት በድሬዳዋ ነው። የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ቤተሰባቸውን ክፉኛ ጎድቶታል፤ አባታቸው አቶ ወልደየስ አልታዬ በየካቲት 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ የተቃጣውን የግድያ ሙከራ ተከትሎ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ሕይወታቸውን አጥተዋል። አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ታዳጊው አስራት በአዲስ አበባ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። ባሳዩት የላቀ ውጤትም በግብፅ አሌክሳንድርያ ወደሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ከዚያም በስኮትላንድ ወደሚገኘው ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተልከው የሕክምና ትምህርታቸውን አጠናቀቁ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ካገለገሉ በኋላ ዳግም ወደ ኤድንብራ ተጉዘው በቀዶ ሕክምና ልዩ ሙያ ሠለጠኑ። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ የሚሠሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ። ፕሮፌሰር አስራት የሕክምና ትምህርት በአገር ውስጥ እንዲሰጥ ከደከሙት መካከል ሲሆኑ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ዲን በመሆን አያሌ ሐኪሞችን አፍርተዋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐኪም ሆነውም አገልግለዋል።

የሥልጣን ባለቤት የሚለውና ራሳቸው የሚያውቁት እውነት ሲለያዩ ምን እንደሚያደርጉ የታየውም በዚሁ ሙያቸው ነው። ነሐሴ 1967 ዓ.ም ደርግ ንጉሠ ነገሥቱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በተከሰተ የጤና ችግር ማረፋቸውን ባስታወቀ ጊዜ፣ ፕሮፌሰር አስራት እንዲህ ያለ ችግር አልነበረም በማለት መግለጫውን ሳይቀበሉት ቀርተዋል። ያ ዘመን የመንግሥትን ቃል ማስተባበል ሕይወትን ሊያስከፍል የሚችልበት ዘመን ነበር።

ፕሮፌሰሩ በኋላ የገጠማቸውን ምርጫ ክብደት ለመረዳት በኢትዮጵያ ድምፅ የመስጠትን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የሸዋ ነገሥታት በአንኮበር ሆነው አገር ባስተዳደሩበት ዘመን መኳንንቱ ምክር ይሰጡ እንጂ ውሳኔው የንጉሡ ነበር። በ1923 ዓ.ም የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ምክር ቤቶችን ቢያቋቁምም፣ የሕዝብ ተወካይ ተብለው የሚቀመጡትን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ራሱ መምረጥ የጀመረው ከተሻሻለው ሕገ መንግሥት በኋላ በ1949 ዓ.ም ነው። ያን ጊዜም የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ ተወዳዳሪው የሚቀርበው በግል ነው። በ1979 ዓ.ም ለብሔራዊ ሸንጎ በተደረገው ምርጫ ደግሞ የነበረው አንድ ፓርቲ ብቻ ነበር። በመሆኑም በድርጅት ታማኝነትና በግል እምነት መካከል መምረጥ ለኢትዮጵያውያን በአደባባይ የቀረበ ጥያቄ የሆነው ከ1983 ዓ.ም ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያ ዓመት ግንቦት 20 ቀን የደርግ ሥርዓት ካበቃ በኋላ ከሰኔ 24 እስከ 28 ቀን በአዲስ አበባ የሰላምና የዴሞክራሲ ጉባኤ ተካሄደ። በጉባኤው ከተገኙት አብዛኞቹ የፖለቲካና የብሔር ድርጅቶችን ወክለው የመጡ ነበሩ። ፕሮፌሰር አስራት ግን የተቀመጡት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተወካይነት ነው። ጉባኤው የሽግግር ዘመኑን ቻርተር ከማጽደቁም በላይ የኤርትራ ሕዝብ ዕጣ ፈንታውን በሕዝበ ውሳኔ እንዲወስን ተቀበለ።

ውሳኔውን የደገፉ ወገኖች ያቀረቡት ምክንያት ቀላል አልነበረም። ሠላሳ ዓመት የዘለቀው ጦርነት የብዙዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ሌላ ዙር ጦርነት የሚሸከም ጉልበት በአገሪቱ አልቀረም፤ ጉዳዩን በድምፅ መቋጨት ከጠመንጃ ይሻላል የሚል እምነት ነበራቸው። ፕሮፌሰር አስራት በበኩላቸው በሕዝብ ያልተመረጠ ጉባኤ የአገርን አንድነት በሚመለከት እንዲህ ያለ ታላቅ ጉዳይ ላይ የመወሰን ሥልጣን የለውም የሚል አቋም ያዙ። አዳራሹ በአንድ ወገን ሲቆም እርሳቸው ብቻቸውን ተቃወሙ።

ያ ድምፅ የጉባኤውን ውጤት አልለወጠም። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም ሕዝበ ውሳኔው ተካሂዶ ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። ይሁን እንጂ አንድ ተቋም ወክሎ የላከው ሰው ድምፁን የሚሰጠው በማን ስም ነው የሚለውን ጥያቄ ትቶ አልፏል። ተወካይ የላከውን ወገን ፍላጎት ማድረስ እንዳለበት የሚከራከሩ አሉ። ተወካይ የሚላከው ነገሩን አዳምጦና አመዛዝኖ ህሊናው የፈቀደውን እንዲወስን ነው የሚሉም አሉ። ፕሮፌሰር አስራት ሁለተኛውን መንገድ መረጡ። ሲቃወሙም ከስብሰባ ቀርተው ወይም በዝምታ አልፈው አይደለም፤ ምክንያታቸውን በጉባኤተኛው ፊት አስረድተው ነው።

ከዚህ በኋላ ሕይወታቸው ከሕክምናው ወደ ፖለቲካው አዘነበለ። በ1984 ዓ.ም የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት ሲመሠረት መሪ ሆኑ። ብቻቸውን በህሊናቸው ድምፅ የሰጡት ሰው አሁን ከሌሎች ታማኝነትን የሚጠብቅ ድርጅት መሪ መሆናቸው ነው። በሰኔ 1984 ዓ.ም የክልልና የወረዳ ምርጫ በተካሄደ ጊዜ ድርጅታቸው ከሌሎች ተቃዋሚዎች ጋር ራሱን ከውድድሩ አገለለ። እንዲህ ያለው ውሳኔ ለአባሉና ለደጋፊው ከባድ ምርጫ ያስከትላል፤ ድርጅቱን ተከትሎ ከምርጫ ጣቢያ መቅረት ወይም የዜግነት መብቱን ለመጠቀም መሄድ። በ1983 ዓ.ም በመሪው ፊት የነበረው ጥያቄ በዓመቱ በተራው መራጭ ደጃፍ ቆመ ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የድርጅቱ ሕዝባዊ እንቅስቃሴ ከደረሰባቸው ስፍራዎች አንዷ ደብረ ብርሃን ነበረች። ፕሮፌሰር አስራት በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም በከተማዋ ለተሰበሰበው ሕዝብ ያደረጉት ንግግር በኋላ ለክስ ምክንያት ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥራ ሲሰናበቱ እርሳቸውም አብረው ተሰናበቱ። ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት ተቋም በር በዚህ ሁኔታ ተዘጋባቸው።

በ1986 ዓ.ም ፍርድ ቤት የሁለት ዓመት እስራት ፈረደባቸው፤ በቀጣዩ ዓመት ተጨማሪ ቅጣት ተወሰነባቸው። ከሳሽ ወገን ለአመፅ አነሳስተዋል ሲል እርሳቸው ክሱን አልተቀበሉም። ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብት ድርጅት አምነስቲ ኢንተርናሽናል የህሊና እስረኛ ሲል ሰየማቸው። አራት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በእስር ካሳለፉ በኋላ ጤናቸው እጅግ በመታወኩ በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም ተለቀው ለሕክምና ወደ አሜሪካ አቀኑ። በርካቶችን ያከሙት ሐኪም ግን ለራሳቸው ፈውስ አላገኙም። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም በፊላደልፊያ ከተማ በ70 ዓመታቸው አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም በአዲስ አበባ ተፈጸመ።

በፖለቲካ አቋማቸው የሚስማሙም የማይስማሙም ዛሬም አሉ። ድርጅታቸው የተዋቀረበትን መሠረት የሚተቹ አሉ፤ ለአንድነት የቆሙ ናቸው ብለው የሚያከብሯቸውም ብዙ ናቸው። ያ ክርክር የሚቀጥል ቢሆንም፣ በጉባኤው የሰጡት ድምፅ ያነሳው ጥያቄ ግን በሕግ መልስ አግኝቷል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናቸው እንደሆነ ደንግጓል። አንድ አባል በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት እንደማይከሰስና አስተዳደራዊ እርምጃም እንደማይወሰድበት ይኸው አንቀጽ ያረጋግጣል። በዝርዝሩ ውስጥ ፓርቲ አልተጠቀሰም። ዜጋው ተወካዩን በሚመርጥበት ጊዜም ድምፁ በሚስጥር እንዲሰጥ ተደንግጓል፤ ይህም አለቃው፣ ድርጅቱ ወይም ጎረቤቱ ምርጫውን እንዳያውቅበት ነው።

ድንጋጌው ፓርቲን ከንቱ አያደርግም። የጋራ ፕሮግራም ሳይኖር አገር መምራት አይቻልም፤ መራጩም ፓርቲውን አይቶ ድምፅ መስጠቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን ታማኝነት ዋጋ የሚኖረው ሰው አምኖበት ሲሰጠው ነው። በፍርሃት ወይም በይሉኝታ የተነሣ እጅ ቁጥር ይሞላል እንጂ ለውሳኔው ጥንካሬ አይጨምርም። በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ከተፈረመ በኋላ በየቢሮው በሹክሹክታ የሚተች ውሳኔ ብዙ ሠራተኛ ያውቃል።

ፕሮፌሰር አስራት ተቃውሟቸውን ያሰሙት ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም፣ በአዳራሹ ውስጥ ነበር። በንግግራቸው የተከሰሱባት ከተማ ዛሬ ስማቸውን በካምፓስዋ በር ላይ ይዛለች። በዚያ በር ገብተው ሐኪምና ነርስ ሆነው የሚወጡት ወጣቶች ድምፃቸውን ለማን እንደሚሰጡ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው።