ስለ ሰንበት አገራቸውን የተዉ አባት

ክርስቲያን ከሳምንቱ ቀኖች በየትኛው ተሰብስቦ አምላኩን ያመልክ የሚለው ጥያቄ በቅርብ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በዚሁ በእኛ ምድር ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ስለዚህ ጥያቄ መነኮሳት ተሰደዋል፥ ታስረዋል፤ ነገሥታትም ጉባኤ ሰብስበዋል። የክርክሩ ራስ የነበሩት አባ ኤዎስጣቴዎስ ይባላሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አባ ኤዎስጣቴዎስ የተወለዱት በ1273 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ የልጅነት ስማቸው ማዕቀበ እግዚእ ነበረ። ገና በልጅነታቸው በገርዓልታ ገዳም አበ ምኔት ወደ ነበሩት ወደ ዘመዳቸው ወደ አባ ዳንኤል ተላኩ፤ በዚያም ቅዱሳት መጻሕፍትን ተምረው መነኰሱ። ከዚያም ወደ ሰራዬ ሄደው ማኅበር መሠረቱ። ትምህርታቸውን የሰሙ ብዙዎች ተከተሏቸው፤ ወሬያቸውም በሰሜኑ አውራጃዎች ሁሉ ተሰማ።

እንግዲህ የክርክሩን ነገር በትክክል ማስተዋል ይገባል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና። ክርክሩ እሑድን እናክብር ወይስ እንተው የሚል አልነበረም። እሑድ የጌታችን ትንሣኤ ቀን ስለ ሆነ ሁሉም በአንድነት ያከብሩት ነበር። የተለያዩት በቅዳሜ ነው። አባ ኤዎስጣቴዎስ ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ ሊሻር አይችልም፤ ሐዋርያትም ሁለቱን ሰንበታት እንድናከብር ሥርዓት ሠርተዋል ብለው ያስተምሩ ነበር። ለዚህም በሲኖዶስ መጽሐፍ የሚገኘውን የሐዋርያት ቀኖና ምስክር ያደርጉ ነበር። ከግብጽ የሚመጡት ጳጳሳት ግን በቅዳሜ ከሥራ ማረፍን የአይሁድ ልማድ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። ከኢትዮጵያም ገዳማት እጅግ ኃይለኞች የነበሩት፥ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ጭምር፥ የጳጳሱን ወገን ይዘው ቆሙ።

ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ቃል አላጣም። ያ ወገን ሕግን ሊሽር እንዳልመጣ የተናገረውን የጌታን ቃል ሲያነሣ፥ ይህኛው ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ በዓልና ስለ ሰንበት ማንም እንዳይፈርድባቸው ለቈላስይስ ሰዎች የጻፈውን ያነሣ ነበር። ሁለቱን ቃላት በአንድነት የሚያነብ ሰው በዚያ ዘመን ቢገኝ ኖሮ ብዙ እንባ በቀረ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ተቃውሞው በበረታ ጊዜ፥ በ1337 ዓ.ም. ገደማ፥ አባ ኤዎስጣቴዎስ ማኅበራቸውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአባ አብሳዲ አደራ ሰጥተው ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር አገራቸውን ለቀቁ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት በላይ ነበረ። ወደ ግብጽ ወርደው ከፓትርያርኩ ከብንያም ፊት ቀረቡ። ምናልባት የታላቂቱ መንበር አባት ፍርድ ይሰጡኛል ብለው ተስፋ አድርገው ይሆናል። ፓትርያርኩ ግን የእስክንድርያን ሥርዓት ሊለውጡ አልወደዱም፤ አባ ኤዎስጣቴዎስም ሐሳባቸውን አልለወጡም። ከዚያ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው በቆጵሮስ በኩል ወደ አርመን ሄዱ። በዚህ ጉዞ መጐናጸፊያቸውን እንደ መርከብ በውኃ ላይ ዘርግተው ባሕሩን እንደ ተሻገሩ ገድላቸው ይተርካል፤ ሠዓልያንም ይህን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥለውታል። በአርመንም ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ኖረው፥ አገራቸውን ዳግመኛ ሳያዩ፥ በ1352 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከሞታቸው በኋላ አብረዋቸው ከተሰደዱት አንዳንዶቹ ተመልሰው በሰራዬና በሐማሴን ከነበሩት ወንድሞች ጋር ተቀላቀሉ። ኑሯቸው ከባድ ነበረ። ከጳጳሱ እጅ ክህነት አንቀበልም ስላሉ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከቤተ መንግሥት ተለዩ፤ በየበረሓውና በየተራራው ራሳቸውን ችለው ገዳማትን አቀኑ። አባ አብሳዲ በቆሐይን ደብረ ማርያምን፥ አባ ፊልጶስም ደብረ ቢዘንን የመሠረቱት በዚህ ዘመን ነው። ጽናታቸው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ከማይመስላቸው ወንድም ጋር ኅብረትን እስከ ማቋረጥ መድረሳቸው እጅግ ያሳዝናል፤ ለአንድነት የተሰጠ የዕረፍት ቀን የመለያየት ምክንያት ሆኗልና። በደሉም የእነርሱ ብቻ አልነበረም፤ ያሳደዷቸውም ቢሆኑ የፍቅርን ሕግ ረስተዋል።

በ1400 ዓ.ም. ዐፄ ዳዊት መሪዎቻቸውን ወደ ጉባኤ አስጠሩ። አባ ፊልጶስ በጳጳሱ በአቡነ በርተሎሜዎስ ፊት ቆመው ቅዳሜን አልተውም ስላሉ ታሰሩ፤ አራት ዓመትም በእስር ቆዩ። ይሁን እንጂ እስራቱ እንቅስቃሴውን አላጠፋውም፤ ይልቁንም አሰፋው። ስለዚህ ንጉሡ በ1404 ዓ.ም. አባ ፊልጶስን ፈትተው፥ የኤዎስጣቴዎስ ልጆች እንደ ልማዳቸው ሁለቱን ሰንበታት እንዲያከብሩ ፈቀዱ። ሌላው ሕዝብ ግን በነበረበት ቀረ፤ አንድ መንግሥት፥ አንድ ጳጳስ፥ ሁለት ሥርዓት ሆነ ማለት ነው።

ይህን የፈጸሙት የዐፄ ዳዊት ልጅ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። በ1450 ዓ.ም. በሸዋ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰበሰቡ፤ ሁለቱ ግብጻውያን ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤልም ተገኙ። በዚያ ቅዳሜ ከእሑድ ጋር እንዲከበር ተወሰነ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም በበኩላቸው ከጳጳሳቱ እጅ ክህነትን ለመቀበል እሺ አሉ። መቶ ዓመት የቆየው መለያየት የታረቀው፥ አንዱ ወገን ቀኑን ሲቀበል ሌላው ወገን ጳጳሱን በመቀበሉ ነው። ንጉሡ ራሳቸው በመጽሐፈ ብርሃን ስለ ሁለቱ ሰንበታት ክብር በሰፊው ጽፈዋል። እኚህ ንጉሥ በሃይማኖት ነገር እጃቸው የጠነከረ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን አባቶቻቸው በእስር ያልቻሉትን በጉባኤ ፈጸሙት።

ከመቶ ዓመት በኋላ ከፖርቱጋል የመጡ ካህናት ኢትዮጵያውያንን ቅዳሜን ስለምታከብሩ አይሁድ ሆናችኋል ብለው ሲከሱ፥ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ዓ.ም. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ መልስ ሰጡ። ቅዳሜን የሚያከብሩት እሳት እንዳይነድድ፥ ውኃ እንዳይቀዳ በመከልከል ሳይሆን፥ ቍርባን በመሠዋትና የፍቅር ማዕድ በመብላት እንደ ሆነ አስረዱ። እሑድንም ስለ ትንሣኤው ከቅዳሜ ይልቅ እንደሚያከብሩት ጨመሩበት። የአባ ኤዎስጣቴዎስ መታሰቢያ እስከ ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 18 ቀን ይከበራል።