ከጋዜጣ አዘጋጅነት ወደ መልእክተኛነት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በየመሥሪያ ቤታችን ያቀረብነው ሐሳብ መልሱ ሲዘገይ ቶሎ ተስፋ የምንቆርጥ ብዙዎች ነን። ስለዚህ የአንድ ጋዜጠኛን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሚስተር ሮበርት ስኪነር በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ማሲሎን በምትባል ከተማ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1866 ተወለዱ። በዚያችው ከተማ ጋዜጣ ሲያዘጋጁ ቆይተው በ1897 በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ወደብ የአሜሪካ ቆንሲል ሆነው ተሾሙ። ማየትና መጠየቅ የጋዜጠኛ ልማድ ነውና፣ የአሜሪካ አቡጀዲ በኢትዮጵያ ገበያ በብዛት ሲሸጥ መንግሥታቸው ግን ከአገሪቱ ጋር አንድም ውል እንደሌለው ተመለከቱ። ይህንኑ ለመንግሥታቸው ጻፉ። ሐሳባቸው ወዲያው አልተፈጸመም፤ እሳቸውም አልተዉትም። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ፈቀዱላቸው።

ከጥቂት መርከበኞችና የባሕር ወታደሮች ጋር በጅቡቲ በኩል ገቡ። ባቡሩ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ አያልፍም ነበርና የቀረውን መንገድ በበቅሎና በግመል ተጉዘው አዲስ አበባ ደረሱ። ዐድዋ ድል በሆነ በስምንተኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1896 ዓ.ም.፣ ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጋር በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈውን የንግድ ውል ተፈራረሙ። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የመጀመሪያው ውል ይህ ነው። የጋዜጠኛነት ብዕራቸውንም አልጣሉም፤ ያዩትን ሁሉ ጽፈው በ1906 በመጽሐፍ አሳተሙ።

ከዚያ በኋላ በግሪክና በባልቲክ አገሮች ሚኒስትር፣ ከ1933 እስከ 1936 ደግሞ በቱርክ አምባሳደር ሆነው ሠሩ። ያ ዘመን ኢጣልያ ኢትዮጵያን የወረረበት ነበር። አሜሪካ በ1935 ባወጣችው ሕግ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ይህም መሣሪያ ፋብሪካ የነበራትን ሳይሆን ያልነበራትን ኢትዮጵያን የሚጎዳ ነበር። ይሁን እንጂ አሜሪካ ወረራውን በሕግ አላወቀችውም። ሚስተር ስኪነር በ1960 ዐረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንድ ትጉህ ሠራተኛ ሳይሰለች የጻፈው ማመልከቻ ሁለት መንግሥታትን ሊያገናኝ ይችላል። ውል ግን ብቻውን አገርን አይጠብቅም፤ ከውሉ ጋር የራስ ጉልበት ያስፈልጋል።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ