ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እና የቢልሃርዚያ እንቁላል

ቢልሃርዚያ ሲነሳ ስማቸው አብሮ የሚነሳ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። በዛሬው ጽሑፋችን የእኚህን ሰው የሥራ ሕይወት እየተከተልን በሽታው ሰውነታችንን እንዴት እንደሚጎዳ፣ እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚታከም እንመለከታለን።

አክሊሉ ለማ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 የበሽታውን ስርጭት ለማጥናት በአድዋ አካባቢ ወንዝ ለወንዝ ይዘዋወሩ ነበር። የሚፈልጉት ቀንድ አውጣ ነው። ቢልሃርዚያ ያለበት ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ ከሰገራው ጋር የሚወጣው የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል። እጩ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ በብዛት ወደ ውሃው ተመልሶ ይወጣና ለመታጠብ፣ ለመዋኘት ወይም ለመሻገር ወንዝ የገባን ሰው ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

ወጣቱ ተመራማሪ አንድ ቦታ ላይ ለየት ያለ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው ይታያሉ። የእጥበቱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ ቢያስጨምሩ እነዚያም ሞቱ። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ሲያነጡበት የኖሩት የእንዶድ ፍሬ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ እንደሚገድል የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በአድዋ ለአምስት ዓመት በተካሄደ ሙከራ፣ ወንዞቹ በእንዶድ ከታከሙ በኋላ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ያም ሆኖ በአገር ቤት የተሠራው ምርምር በውጭ ተቋማት ዘንድ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም፤ የእንዶድን ደህንነት የሚያረጋግጡ ፍተሻዎች በውጭ ቤተ ሙከራዎች እንዲደገሙ ሲጠየቅ ዓመታት አለፉ። ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ለመሆኑ መድኃኒት እያለ ቀንድ አውጣ ማሳደድ ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው በሽታው ሰውነታችን ውስጥ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። በአንጀታችን ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ የምትኖረው ሴት ትል በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ከፊሉ በሰገራ ይወጣል፤ የቀረው በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል። ሰውነታችን ይህን ባዕድ ነገር ለመከላከል ነጭ የደም ሴሎችን ይልካል። ከእነርሱ መካከል ኢኦሲኖፊል የሚባሉት በብዛት ይገኛሉ። ሴሎቹ እንቁላሉን ከብበው ግራኑሎማ የሚባል እብጠት ይሠራሉ፤ እብጠቱ ሲከርም ወደ ጠባሳ ይለወጣል። ስለዚህ ዋናው ጉዳት የሚመጣው ሰውነታችን በእንቁላሉ ዙሪያ ከሚሠራው አጥር እንጂ ከትሉ ንክሻ አይደለም። (ኢኦሲኖፊሊክ ግራኑሎማ የሚለው ስም በተለይ አጥንትን ለሚጎዳ ሌላ ብርቅ በሽታም ይሰጣል፤ የዚያ መነሻና ሕክምና ግን የተለየ ነው።)

በሽታው ያለ ምልክት ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሲገለጥ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ድካም ያመጣል። በሕፃናት ላይ የደም ማነስና የእድገት መጓተት ይታያል። ጠባሳው ሲበዛ ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ በጉሮሮ ቧንቧ ያሉ የደም ሥሮች ተወጥረው ይፈነዱና በሽተኛው ደም ያስታውካል። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ አደጋ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ሰገራ በማይክሮስኮፕ ታይቶ እንቁላሉ ይፈለጋል፤ በአንድ ቀን ናሙና ላይታይ ስለሚችል በተለያዩ ቀናት መድገም ያስፈልጋል። በደም ምርመራ የኢኦሲኖፊል ቁጥር ከፍ ብሎ መገኘቱ ጥርጣሬን ያጠናክራል፤ ሌሎች የአንጀት ትሎችና አለርጂም ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የጉበትን ጠባሳ ለማየት አልትራሳውንድ ይረዳል።

ሕክምናው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በክብደት ተለክቶ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ይወሰዳል። መድኃኒቱ ያደጉትን ትሎች ይገድላል፤ ገና ያላደጉትን ግን ስለሚስት ሐኪም ከሳምንታት በኋላ እንዲደገም ሊያዝ ይችላል። በጊዜ የታከመ ሰው ጉበቱ ያገግማል፤ የከረመ ጠባሳን ግን መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፕራዚኳንቴል እንደ ክትባት አይከላከልም። ዛሬ የዳነ ልጅ ነገ ያንኑ ወንዝ ከገባ እንደገና ይያዛል። አክሊሉ ለማ ወንዙ ላይ ያተኮሩበት ሥራ ዛሬም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ ለጅማና ለአካባቢዋ የቡና ከተሞች ሩቅ አይደለም። የሚኖሩት ቦሳ አዲስም ይሁን ገጠር ቀበሌ፣ ልጆችዎ እንደ አዌቱ ባሉ ወንዞች የሚዋኙ ከሆነ፣ ወይም ቡና ለቀማ ውለው ወንዝ ውስጥ የሚታጠቡ ከሆነ፣ ምልክት ባይኖርም ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። በትምህርት ቤት የሚታደለውን መድኃኒት ልጆችዎ እንዲወስዱ ያድርጉ። መጸዳጃ ቤት ይጠቀሙ። ለገላ መታጠቢያ የወንዝ ውሃ ብቻ ካለዎት ቀድተው፣ ቀንድ አውጣ በሌለበት ንጹሕ ዕቃ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ካቆዩት እጩ ይሞታል፤ ለመጠጥ ግን መፍላት አለበት።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። እንዶድ ቀንድ አውጣን ስለገደለ ለሰው የሚጠጣ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ትል ለማስወጣትም ሆነ ፅንስ ለማቋረጥ ብሎ መጠጣት መርዝ ነው፤ ሕይወት ያጠፋል። በየግል ወንዝ ውስጥ መጨመርም ዓሣን ስለሚገድል ያለ ባለሙያ አይሞከርም። ፕሮፌሰሩ የታገሉት እንዶድ ተለክቶና በጥናት ተመርምሮ በወንዙ ላይ እንዲውል ነበር።