የሜችኒኮፍ ታሪክ

ኤሊ ሜችኒኮፍ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1845 ዓመት ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር በካርኮፍ አውራጃ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሣሩንና ቅጠሉን፥ ትንንሹንም ፍጥረት ሁሉ መመርመር ይወድ ነበር።

በ1882 ዓመት በኢጣልያ በመሲና ከተማ ሳለ፥ አንድ ቀን ቤተ ሰቡ ጨዋታ የተማሩ ዝንጀሮዎችን ለማየት ሄዱ። እርሱ ግን ብቻውን ቀርቶ ገና ያላደገ የባሕር ኮከብ በአጕሊ መነጽር ይመለከት ነበር። ገላው እንደ ብርጭቆ የጠራ ስለ ሆነ በውስጡ ሕዋሳት ሲንቀሳቀሱ ይታዩ ነበር። ሜችኒኮፍም እነዚህ ሕዋሳት የሰውነት ጠባቂዎች እንደ ሆኑ ገመተ፤ ከአትክልቱ ቦታ የጽጌ ረዳ እሾህ አምጥቶ በቆዳው ሥር ሰካበት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ማልዶ ቢያይ ሕዋሳቱ እሾሁን ከበውት አገኘ።

እንዲህ ያሉ ሕዋሳት በሰው ደም ውስጥም አሉ። እግር የላቸውም፤ ነገር ግን በውስጣቸው ያሉት እጅግ የቀጠኑ ክሮች በፊት በኩል እየረዘሙ ገላቸውን ይገፋሉ፥ በኋላ በኩል ያሉትም እየተኰማተሩ ይስባሉ። ስለዚህ በጠባብ ቀዳዳ ሾልከው በሽታ የሚያመጡትን ተሐዋስያን ይውጣሉ።

ብዙ ሊቃውንት ግን ሕዋሳቱ በሽታውን ይበትናሉ እንጂ አያጠፉም ብለው ተቃወሙት። እርሱ ሥራውን አልተወም፤ ከ1888 ዓመት ጀምሮ በፓሪስ በፓስተር የምርምር ቤት ሆኖ ነገሩን በፈተና አስረዳ። በ1908 ዓመትም የደሙ ውሃ በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ከመረመረው ከጳውል ኤርሊኽ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። በ1916 ዓመት በፓሪስ ሞተ።

እውነትን ያየ ሰው ስለ ተነቀፈ አይተዋት፤ በትዕግሥት ይመርምራት እንጂ።