ዎላስ ሳቢን፤ ድምፅን በክፍል ውስጥ የለካው ሊቅ

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሐሙሲት ከተማ አንድ ድምፃዊ ከመኖሪያ ቤቱ ክፍሎች አንዱን የድምፅ መቅረጫ ለማድረግ አስቦ የሙያ ባልደረባችንን ቢያማክር፣ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን እንዲሸፍን ሊመከር ይችላል። ምክሩ ርካሽ ነው፤ ስሌት ግን የለበትም። ስሌቱ ግን ከተገኘ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያገኘውም አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ዎላስ ክሌመንት ሳቢን ስለ ሆነ፣ የዚህን ሰው ሕይወትና ሥራ ለማኅበራችን አባላት ማስታወስ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳቢን ሰኔ 13 ቀን 1868 በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ ሪችውድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና በ18 ዓመቱ በ1886 ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ ሃርቫርድ ተሻገረ፤ በዚያም ሁለተኛ ዲግሪውን አግኝቶ መምህር ሆነ። የዶክትሬት ማዕርግ ግን ፈጽሞ አልያዘም። ጓደኞቹ የሚያውቁት ቁጥብ፣ ጥንቁቅና ያላረጋገጠውን ነገር ከማሳተም የሚሸሽ ሰው መሆኑን ነው።

በ1895 ሃርቫርድ ፎግ የተባለ አዲስ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር አሠርቶ ነበር። የሕንፃው ነዳፊ ስመ ጥር ቢሆንም በውስጡ ያለው የትምህርት አዳራሽ ለማስተማር የማይመች ሆኖ ተገኘ። መምህሩ አንድ ቃል በተናገረ ጊዜ ድምፁ በባዶው አዳራሽ ውስጥ 5 ሴኮንድ ተኩል ያህል ሲያስተጋባ ስለሚቆይ፣ ቀጥሎ የሚናገራቸው ቃላት በፊተኛው ላይ እየተደራረቡ ሰሚው ምንም አይለይም ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ጉዳዩን ለወጣቱ ሳቢን ሰጡት። በዘመኑ ስለ አዳራሽ ድምፅ የሚነገረው ሁሉ ግምትና አፈ ታሪክ ስለ ነበር፣ ሥራው ከባዶ የሚጀመር ነበር።

ሳቢን የያዘው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ አንድ የኦርጋን ቧንቧ፣ አንድ የጊዜ መመዝገቢያና የገዛ ጆሮው። ቧንቧውን ነፍቶ ካቆመ በኋላ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ የሚፈጀውን ጊዜ ይለካል። ቀን የሰው ጫጫታና የጎዳናው ሐዲድ መኪና ስለሚያውከው፣ ሥራውን የሚሠራው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ሳንደርስ ከተባለው የዩኒቨርሲቲው ቴአትር የመቀመጫ ትራሶችን ከረዳቶቹ ጋር እየተሸከመ ወደ አዳራሹ ያስገባል፤ ሲነጋም ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ትራሱ በበዛ ቁጥር ድምፁ የሚቆይበት ጊዜ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ወደ 1 ሴኮንድ ገደማ ወረደ። ሳቢን የራሱ ልብስ እንኳ በውጤቱ ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ በተረዳ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ልኬቶችን ጥሎ እንደ ገና ጀመረ፤ ከዚያም ወዲያ ለሥራው የሚለብሰው ልብስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆነ። ይህን ያህል ድካም በከንቱ ሲቀር አይቶ ሥራውን ያልተወ ሰው ብዙ አይገኝም።

የትራስ ልክ ግን ለሌላ አገር ሰው አይጠቅምም። ስለዚህ ሳቢን የመለኪያው መሠረት ክፍት መስኮት እንዲሆን ወሰነ፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና። አንድ ካሬ ሜትር ትራስ፣ ምንጣፍ፣ ልስን ወይም እንጨት ከአንድ ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ድምፅ እንደሚመጥ በየተራ ለካ። ከሁሉ ይልቅ ድምፅን በብዛት ከሚመጡት አንዱ ልብስ የለበሰ ሰው መሆኑም ተረጋገጠ። በጣና ዳርቻ አብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግል መዘምር ሁሉ ይህን ያለ ስሌት ያውቀዋል፤ ባዶ ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚያስተጋባው ዜማ፣ ጋቢና ነጠላ የለበሰ ምእመን በሞላበት በበዓል ቀን ሌላ ሆኖ ይሰማልና።

ጥቅምት 29 ቀን 1898 ማታ ሳቢን የዓመታት ልኬቱን ዘርግቶ ሲመረምር፣ ቁጥሮቹ ሃይፐርቦላ በሚባለው ቅርጽ ላይ እንደሚያርፉ አየና ግኝቱን በቤት ውስጥ ለነበረችው እናቱ ነገራት። ሕጉ አጭር ነው፤ የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ተባዝቶ፣ በክፍሉ ውስጥ ላለው ጠቅላላ የመምጠጥ ኃይል ሲካፈል ድምፁ የሚቆይበትን ጊዜ በሴኮንድ ይሰጣል። ሳቢን ራሱ ያገኘው ቁጥር 0.164 ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1899፣ ዐጤ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩትን መልእክት በፎኖግራፍ ማስቀረጻቸውን ስናስብ፣ የድምፅ ቅጂ ወደ አገራችን የገባበት ጊዜና የክፍል ድምፅ ሕግ የተገኘበት ጊዜ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ እናያለን።

ሕጉ በተገኘ ጊዜ በቦስተን አዲስ የሙዚቃ አዳራሽ ሊሠራ ታቅዶ ነበር። ሳቢን ምክር እንዲሰጥ ተጠይቆ ያመነታ የነበረ ቢሆንም፣ አሁን ሥራውን ተቀበለ። ሲምፎኒ ሆል ጥቅምት 15 ቀን 1900 ተከፈተ፤ ድምፁ ከግንባታው በፊት በስሌት የተወሰነ የመጀመሪያው አዳራሽም ይኸው ነው። ዛሬ በዓለም ከሚመሰገኑት አዳራሾች ጋር ቢቆጠርም፣ በመጀመሪያው ጊዜ የነቀፉት ሐያስያን ነበሩና ነቀፋው ሳቢንን ክፉኛ ጎዳው። ስሌቱም እንከን አልባ አልነበረም፤ አዳራሹ በሰው ሲሞላ 2.31 ሴኮንድ ይቆያል ብሎ የተነበየው ድምፅ በኋላ ዘመን መሣሪያ ሲለካ ከ2 ሴኮንድ በታች ሆኖ ተገኝቷል።

ለጉዳያችን ከዚህ ታላቅ አዳራሽ ይልቅ የሚቀርበው በ1906 ይፋ ያደረገው ትንሽ ጥናት ነው። በቦስተን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያሉ አነስተኛ የፒያኖ ክፍሎች ለጆሮ አልስማማ ብለው ነበር። ሳቢን ትራሶቹን እንደ ገና ተሸክሞ ሄደ። በሙዚቃ የታወቁ ሰዎች እየሰሙ ትራሱ ሲጨመርና ሲቀነስ፣ የተስማሙበት ላይ ሲደርሱ ያቆማል፤ ቁጥሩን ግን አይነግራቸውም። በ5 ክፍሎች የተደረገው ምርጫ ሁሉ በ1.08 ሴኮንድ ዙሪያ ተሰበሰበ። ልዩነቱም እጅግ ጥቂት ነበር። ሠዓሊ ቀለም እንደሚለይ የሠለጠነ ጆሮም ጊዜን ይለያል ማለት ነው፤ የመሐንዲሱ ድርሻ ጆሮ የወደደውን አስቀድሞ በቁጥር ማግኘት ነው።

ወደ ሐሙሲት እንመለስ። ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር፣ ቁመቱም 3 ሜትር ቢሆን ይዘቱ 36 ሜትር ኩብ፣ ጠቅላላ ገጹ 66 ካሬ ሜትር ነው። ግድግዳው ልስን ብሎኬት፣ ወለሉና ጣሪያው ሲሚንቶ ከሆኑ፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚመጠው ከመቶ 3 እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ድምፁ 2.9 ሴኮንድ ይቆያል። ለንግግርና ለድምፃዊ ቅጂ 0.3 ሴኮንድ ያህል ይፈለጋል። ይህ ደግሞ ከ19 ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት ጋር የሚተካከል መምጠጥ ይጠይቃል። ከመቶ 80 እጅ የሚመጥ ወፍራም የጥጥ ወይም የሱፍ ፍራሽ ቢገኝ 22 ካሬ ሜትር ያህል፣ ማለት ከጠቅላላው ገጽ ሲሶው፣ ይበቃል። ሁሉን መሸፈን አያስፈልግም።

የእንቁላል ካርቶንስ? ሳቢን በ1906 ባወጣው ጥናት አንድ ዕቃ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ በእኩል እንደማይመጥ አሳይቷል። ስስ ነገር ቀጭኑን ብቻ ስለሚወስድ፣ የበገና ወይም የከበሮ ወፍራም ድምፅ እንዳለ ይቀርና ክፍሉ የታፈነ ሆኖ ይሰማል። በትንሽ ክፍል ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ወፍራም ድምፆች በግድግዳና በግድግዳ መካከል ስለሚከማቹ የሳቢን ሕግ ብቻውን አይበቃም፣ የክፍሉ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እኩል እንዳይሆኑም መጠንቀቅ ያሻል። ፍራሽ የውስጡን ድምፅ ይመጣል እንጂ የአውራ ጎዳናውን የጭነት መኪና ወይም በክረምት ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ አያስቀርም። ያንን የሚያስቀር ክብደት ያለው ግድግዳ፣ ከቆርቆሮው በታች የተለየ ከባድ ጣሪያና ቀዳዳ የሌለው በር ነው። ሳቢንም በኋለኛው ዘመኑ ድምፅ በግድግዳ እንዴት እንደሚያልፍ ወደ ማጥናት ተመልሶ ነበር።

ያን ጥናት ለመፈጸም ግን ዕድሜ አላገኘም። ከ1906 እስከ 1915 በሃርቫርድ የምሕንድስና ትምህርት ኃላፊነት ጊዜውን ወሰደበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ሄዶ ሠራ፤ ከተመለሰም በኋላ ስለ አውሮፕላን ጉዳይ ዋሽንግተን እየተመላለሰ ማስተማሩን አላቋረጠም። ኩላሊቱ ታሞ ሳለ ሕክምናውን እያዘገየ ቆይቶ፣ ጥር 10 ቀን 1919 በ50 ዓመቱ አረፈ። ጆርጅ ፌብያን የተባለ ባለጸጋ በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር፣ ጄኔቫ በተባለች ከተማ፣ ለድምፅ ምርምር ብቻ የሚሆን ቤተ ሙከራ አሠርቶለት ነበር፤ ሕንፃው በ1918 ቢያልቅም ሳቢን አልሠራበትም። ቤተ ሙከራውን የተረከበው የሩቅ ዘመዱ ፖል ሳቢን ሲሆን፣ የዎላስ ሳቢን ጽሑፎች ተሰብስበው በ1922 በአንድ መጽሐፍ ታተሙ።