ድርጊቱን የፈጸመው ማን ነው? የጆርጅ ኦርዌል ሕይወትና የእንግሊዝኛው «ፓሲቭ»



በሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ትምህርታችን እንደ «ፓሲቭ ቮይስ» ብዙ ደብተር ያስፈጀን ርዕስ ያለ አይመስለንም። «ፒፕል ሴይ ዛት» የሚለውን «ኢት ኢዝ ሴድ ዛት» ብሎ መለወጥ፣ አድራጊውን ማስወጣት፣ ግሱን በሦስተኛው ፎርም መጻፍ፤ በቃ፣ ማርኩ ተገኘ። የወጣው አድራጊ ወዴት እንደ ሄደ ግን መልመጃው አይጠይቅም። ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከጠየቁት ደራስያን አንዱ እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል ነው። ነገ ይህንኑ ትምህርት ለልጆች የምናስተምር እጩ መምህራን ስለሆንን የዚህን ሰው ሕይወት ማወቁ ይጠቅመናል ብለን በዚህ እትም አቅርበነዋል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እውነተኛ ስሙ ኤሪክ አርተር ብሌር ሲሆን የተወለደው በ1903 በህንድ አገር ሞቲሃሪ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ የእንግሊዝ ቅኝ ገዢ መንግሥት የኦፒየም ንግድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ወደ እንግሊዝ አገር ወሰደችው፤ ኋላም በነፃ ትምህርት ዕድል ኢተን የተባለው የታላላቆች ልጆች ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ ሲወጣ እንደ ጓደኞቹ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በ1922፣ በ19 ዓመቱ፣ የቅኝ ግዛት ፖሊስ ሆኖ ወደ በርማ ሄደ።

በርማ ላይ አምስት ዓመት ቆየ። ኋላ ስለዚያ ዘመን ከጻፋቸው መካከል ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ለእኛ ጉዳይ በጣም ይጠቅማሉ። አንደኛው በ1931 የወጣው፣ በስቅላት ስለሚቀጣ እስረኛ የሚናገረው ነው። ሰውየው ወደ መስቀያው እየተነዳ ሲሄድ መንገዱ ላይ ያቆረ ውሃ አይቶ እግሩ እንዳይረጥብ ዘወር ይላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚሞት ሰው! እንዲህ ያለውን ነገር የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቢጽፈው ፍርዱ ተፈጸመ ብሎ በሁለት ቃል ይዘጋዋል። በዚያ «ተፈጸመ» ውስጥ ሟቹም የለ፣ ገዳዩም የለ፣ ያቆረውም ውሃ የለ። ሁለተኛው በ1936 የወጣው ሲሆን ዝሆን ስለ መግደሉ ነው። ዝሆኑ ሰው ገድሏል፤ ነገር ግን እሱ በደረሰበት ሰዓት ዝሆኑ ሰክኖ ሣር ይግጣል። ኦርዌል መግደል አልፈለገም። ከኋላው የተከተለው ሕዝብ መሳቂያ እንዳያደርገው ብሎ ብቻ ተኮሰ። እዚህ ላይ ዝሆኑ ተገደለ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ሰዋስዉም አይከለክለውም። እሱ ግን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ያስገደለኝም ፍርሃት ነው ብሎ በአንደኛ መደብ ጻፈው። የጠቅላላው ኢምፓየር ነገር በዚህች ጥይት ውስጥ ይታያል።

በ1927 ለእረፍት ወደ አገሩ በተመለሰበት ጊዜ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ ወዲያ የድሆችን ኑሮ ልወቅ ብሎ በለንደን ከለማኞችና ከቤት አልባዎች ጋር አደረ፣ በፓሪስም የሆቴል ሳህን አጠበ። ይህንን የሚተርከው የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1933 ሲወጣ ጆርጅ ኦርዌል የሚለውን የብዕር ስም ያዘ። ኦርዌል በእንግሊዝ አገር የሚገኝ የወንዝ ስም ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን መምህርም እንደ ነበረ ነው። ከ1932 እስከ 1933 ድረስ ከለንደን አጠገብ ሄይስ በምትባል ሥፍራ በአንዲት ትንሽ የግል ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በአክስብሪጅ አስተምሯል። በሄይስ ሳለ ለገና በዓል ተማሪዎቹ የሚሠሩትን ቴያትር ራሱ ጽፎላቸዋል። በ1933 መጨረሻ ላይ የሳንባ ምች አሞት ከማስተማር ወጣ። ጤናው ባይከዳው ምናልባት የእኛው ባልደረባ ሆኖ ይቀር ነበር።

በ1936 መጨረሻ የእስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲፋፋም ፋሺስቶችን ሊወጋ ወደዚያው ዘመተ። በግንቦት 1937 ጥይት ጉሮሮውን በሳው፤ ለጥቂት ተረፈ። ከቁስሉ ይልቅ ሲያንገበግበው የኖረው ግን የጋዜጦቹ ነገር ነው። ያልተካሄደ ውጊያ እንደ ተካሄደ ሆኖ ተጽፎ አየ፤ በጀግንነት የተዋጉ ሰዎችም ከሃዲ ተባሉ። ማን አላቸው? «ይባላል»፣ «ተረጋግጧል»፣ «ይታመናል»። ስም የሌለው ወሬ አፍ እንጂ ፊት የለውም፤ ይዘህ ልትጠይቀው አትችልም። እሱ የነበረበት ክፍል በሕግ ሲታገድ ከባለቤቱ ጋር ወደ ፈረንሳይ ሸሽቶ አመለጠ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ1941 እስከ 1943 በቢቢሲ ለህንድ የሚተላለፍ ፕሮግራም ሠራ። በ1945 «አኒማል ፋርም» የተባለው ልብ ወለዱ ታተመ። ያነበበው ያስታውሳል፤ ግድግዳው ላይ የተጻፉት ሕጎች በየጊዜው ተለውጠው ይገኛሉ፣ ለዋጩ ግን አይታወቅም። አንድ ሌሊት ስኩዊለር የተባለው አሳማ ከመሰላል ወድቆ፣ አጠገቡ ብሩሽና የቀለም ጣሳ ይገኛል። አድራጊው የቀለም ጣሳ ይዞ የተያዘበት ቦታ ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ በ1946 «ፖለቲክስ ኤንድ ዘ ኢንግሊሽ ላንጉዌጅ» የተባለው ታዋቂ ጽሑፉ ሆራይዘን በተባለ መጽሔት ላይ ወጣ። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። በጎ ያልሆነ ነገር የሚሠሩ መንግሥታት፣ ያላሰቡትን የሚጽፉ ምሁራንም ጭምር፣ ነገሩን በወፍራም ቃላት ይሸፍኑታል። መንደር በአውሮፕላን ሲደበደብ ሰላም ማስፈን ይሉታል። ከእነዚህ መሸፈኛዎች አንዱ ፓሲቭ ነው። ለጸሐፊዎች ካወጣቸው ስድስት ደንቦች አራተኛው፣ በአክቲቭ መናገር በሚቻልበት ቦታ ሁሉ ፓሲቭ እንዲቀር ያዛል።

ታዲያ እዚህ ላይ ደንቡን ሸምድዶ መሄድ አይበቃም። ኦርዌል ራሱ በዚያው ጽሑፍ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የ«ኢት ኢዝ ... ዛት» ቅርጽ ተጠቅሟል! ይህም ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካው የሜሪያም ዌብስተር የአጠቃቀም መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጽሑፉን መርምረው የፓሲቩ መጠን ከመቶ 20 እንደሚበልጥ አግኝተዋል። በመጽሔቶች ላይ ከተደረጉት ሦስት ቆጠራዎች ከፍተኛው 13 ነበር። ብዙ የሰዋስው ምሁራን በዚህ ተሳልቀውበታል። በእኛ አስተያየት ግን ይህ ሐሳቡን አያፈርሰውም፤ የሚያሳየው ፓሲቭ ያለ ቦታው ሲገባ እንጂ በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን ነው። በላቦራቶሪ ሪፖርት ላይ ውሃው እንዲሞቅ ተደረገ ሲባል ማን እንዳሞቀው የሚጨነቅ የለም፤ ማንም ቢያሞቀው ውጤቱ ያው ነው። በሳይንስ እንግሊዝኛ ውስጥ «ኢት ዋዝ ፋውንድ ዛት» የበዛውም በከፊል ለዚሁ ነው። በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛም ቦርሳዬ ተሰረቀ የሚል ሰው ሌባውን ስለማያውቀው ነው። አንድ ሰው ከሥራ ተባረረ፣ መሬት ተወሰደ፣ እስረኛ ተመታ ሲባል ግን አድራጊው የሚታወቅ ነው፤ የተሸሸገውም ሆን ተብሎ ነው።

በአማርኛችንም ቢሆን ይኸው ነው። ገበያ ውስጥ «መጣ አሉ» እንላለን፤ ማን አለ ቢባል ቢያንስ ጎረቤትን መጠቆም ይቻላል። ደብዳቤ ላይ ሲደርስ ግን «ተብሏል» ይሆንና ጠቋሚ ጣት የሚያርፍበት ያጣል። ስለዚህ ተገብሮን ስናስተምር ልጆቹ ዓረፍተ ነገሩን ከገለበጡት በኋላ «ባይ» ብለው አድራጊውን መልሰው እንዲያስገቡ ብናደርግ፣ ሲያቅታቸውም ለምን እንዳቃታቸው ብንጠይቃቸው መልካም ይመስለናል። ደግሞስ ይህ ምን ያህል ጠመኔ ይፈጃል?

ኦርዌል ከባለቤቱ ሞት በኋላ ጁራ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት ላይ ተቀምጦ፣ የሳንባ ነቀርሳ እያሠቃየው የመጨረሻ ልብ ወለዱን «1984»ን ጻፈ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሰዎች ተይዘው ሲጠፉ ስማቸው ከመዝገብ ሁሉ ይፋቃል። መጽሐፉ በጁን 1949 ወጣ፤ ደራሲው በጃንዋሪ 21 ቀን 1950 ለንደን ሆስፒታል ውስጥ በ46 ዓመቱ ሞተ። ሰተን ኮርትኔ በምትባል መንደር ተቀብሯል። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተጻፈው ኤሪክ አርተር ብሌር የሚለው ስምና የተወለደበትና የሞተበት ቀን ብቻ ነው።